አምስተኛ ፎቅ

ቱሉ ዲምቱ ዘልቆ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ውሃ በሚመጣበት በሳምንት ፈረቃ፣
ከውልና ማስረጃ፣ ከብረት በሩ ዳር፣
ጃንጥላ የተከልኩ፣ በአንድ ገጽ ሠላሳ ብር
ማመልከቻ ጸሐፊ
እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ከውስጥ ነበር ወንበሬ፤
ክቡ ማኅተም ከፊቴ፣ ከጎኑ ቲተሬ፣
«የሰነድ አረጋጋጭ ልዑልሰገድ ተፈራ»
የሚል ሐምራዊ ጽሑፍ ከወረቀቱ ጋራ
እየተላተመ፣ ጧ ሲል ቀኑን ሙሉ፤
ሰው ቤት ሲሸጥበት፣ ሲታሰርበት ውሉ።

ዓርብ ነበር፣ ነሐሴ። ዝናብ። ዘጠኝ ሰዓት።
ሰልፉ ኮሪደሩን አልፎ እስከ ጥበቃው ቤት።
ጎረቤቴ መጣ፣ የብሎክ ሠላሳው ደቻሳ፣
ውሃ ሲጠፋብኝ፣ ሳልጠይቀው እንኳ፣ ጀሪካን የሚያነሳ።

«የአክስቴ ውክልና ነው፣ ቤቱን እንድሸጥላት፤
እግሯ አልታዘዝ ብሎ አልጋ ይዛ ናት።
አምስተኛ ፎቅ ናት፤ ሊፍት የለም፣ ታውቃለህ፤
አሻራዋን አምጥቻለሁ፣ ለምን ትለፋለህ?»

ደንቡን አውቀው ነበር፣ ያውም በቃል፣ በቁጥር፤
ለአዲስ ገቢዎቹ እኔው ነበርኩ የማስተምር፦
«ፈራሚ ካልቻለ ከፊትህ ለመቆም፣
ሂድና እየው እንጂ፣ ሳታየው አታትም።»

አሻቅቤ አየሁ በመስኮቱ ጭጋግ፤
ብሎኩ ይታያል ከጭቃው ማዶ ጥግ።
አምስት ፎቅ፣ ቢቆጠር ሰማንያ ደረጃ፤
ጫማዬ አዲስ ነበር።
እጄ ቀድሞኝ መታ፣ ሳይጠብቅ ማስረጃ።
ጧ።

አምስት ወር ቆይቶ ደብዳቤ መጣልኝ፤
«ክስ» የሚል ርእሱን ሳይ ላብ አጠመቀኝ።
ሰብሳቢዋ እልፍነሽ፣ የእርሳሷን ጫፍ ነክሳ፣
ቅጣት ዘረዘረች አንቀጽ አንቀጽ ጠቅሳ፦
«ለቀላሉ ጥፋት፣ ወይ በቃል፣ ወይ በጽሑፍ
ማስጠንቀቂያ አለ፤ ከዚያ ደመወዝ መገፈፍ፤
ከዚያ ከደረጃ ዝቅ፤ ከዚያ…» ዝም አለች።
ወደ በሩ አየች።

አራት ጎረምሶች የተሸከሙት ወንበር፤
ወይዘሮ ብርቂቱ፣ ፊቷ እንደ ሰኔ አፈር።
እኔ ያልወጣሁትን እሷ ወርዳው መጣች፤
«ጣትሽን አሳዪን» ሲሏት
ነጠላዋን ገልጣ ግራ እጇን ዘረጋች።

አውራ ጣት የላትም።
ድሮ፣ ብሎኩ ሳይቆም፣ የአባቷ ማሳ ሳለ፣
ጤፍ አጫጅ እያለች ጣቷን ማጭድ ነጠለ፤
ኋላ ማሳው ፎቅ ሆኖ፣ እሷን ላዩ ሰቀለ።

የውክልናው ቅጽ ግን፣ ከእኔ ማኅተም በላይ፣
የግራ አውራ ጣት አለው፣ ወፍራም፣ ጥርት ብሎ የሚታይ።
አገላብጣ አየችው። «ከየት አገኛችሁት?
አርባ ዓመት አለፈው፤ ወደ እኔ መልሱት።»

ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢዋ ጻፈች፤
«ስንብት» የሚለውን በአንድ መስመር ጨረሰች።

ማኅተሙን አስረከብኩ፣ ቁልፉን፣ መሳቢያውን፤
ቲተሬን ግን በምላጭ ሰነጠቁት ጎማውን፤
«ልዑል» እና «ሰገድ» ለየብቻ ወደቁ
ከቅርጫቱ ውስጥ።
ደቻሳ የት እንደገባ ፖሊስም አላወቀ፤
ቤቱ እግድ ላይ ነው፣ ቀጠሮው አላለቀ።
ያሰርኩት ውል፣ ውሉ ጠፋ።

አሁን ሰው ሲመጣ «ጻፍልኝ» እያለ፣
«ባለቤቱስ የታል? እሱ ራሱ አለ?»
ብዬ እጁን አያለሁ፣ ጣት በጣት ቆጥሬ።
አንዳንዱ ይቆጣል፤ «ማን ሾመህ?» ይለኛል፤
እውነቱን ነው፣ ማንም።
አንዳንድ ደንብ እንዲህ ነው፤ ሲወጡ ይገባል።

ፈረቃችን ሲደርስ፣ ማክሰኞ ማለዳ፣
ባለ ሃያው ጀሪካን ትከሻዬን ሲጎዳ፣
ሰማንያውን ደረጃ እየቆጠርኩ እወጣለሁ፤
አምስተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ አንኳኳለሁ።

«ማነው?»
«ውሃ ነው።»
«ራስህ መጣህ ወይስ ሰው ላክህ?»
«ራሴ ነኝ፣ እማማ።»

«ከደፉ አስጠጋው» ትላለች። በሩ አይከፈትም።
ዛሬ ዓርብ አይደለም፤ ለመውረድ አልቸኩልም።